ግማሹ ቤት መብራት ሲያጣ ማንን ልጥራ ለምትሉ፣ ደብረ ብርሃን

ጠባሴ አካባቢ ትንሽ የጥገና ሱቅ ያለው ወጣት ኤሌክትሪሺያን አለ። ሳላስፈቅደው ስሙን አልጽፍም፣ ሥራውን ግን ማመስገን አለብኝ፤ እናቴ ቤት ያደረገውን ሁሉም ባለሙያ ቢያደርገው ደስ ይለኛል።

ችግሩ ይሄ ነው። ሳሎኑና አንዱ መኝታ ቤት ደህና ይበራሉ። ኩሽናውና የኋላው ክፍል ግን ድርግም ብለዋል፣ ፍሪጁም አብሮ። ጎረቤቱ ሁሉ መብራት አለው፣ የቆጣሪው ካርድ አላለቀም፣ ብሬከሮቹም አልወረዱም። መብራት ጨርሶ ሲጠፋ ሰው ከውጭ ነው ብሎ ይጠብቃል። ግማሹ ሲጠፋ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ግድግዳ ውስጥ ነው፣ ዝም ብለው ከተቀመጡም ነገሩ ይብሳል።

ከሱ በፊት የመጣ ሌላ ባለሙያ ነበር። ብሬከሩን አየት አድርጎ «አቅሟ ትንሽ ናት፣ በባለ 32 እንቀይራት» አለ። ምንም አልለካም። እናቴ እምቢ አለች፣ ደግ አደረገች። ብሬከር የሽቦው ዘበኛ ነው። 2.5 ካሬ ሚሊ በሆነ ሽቦ ላይ ባለ 32 አምፔር ብሬከር ከተገጠመ፣ ሽቦው እየጋለ ብሬከሩ ዝም ይላል፤ ቤት የሚቃጠለው እንዲህ ሲሆን ነው።

የጠባሴው ልጅ መጀመሪያ ያነሳው ካቻቢቴ አልነበረም፣ ጥያቄ ነው። «እማማ፣ ከመጥፋቱ በፊት ምን በርቶ ነበር?» አላት። «እንጀራ እየጋገርኩ ነበር ልጄ» አለችው። «በአንዴ ነው የሄደው?» «የለም፣ ብልጭ ድርግም ሲል ቆይቶ ነው የጠፋው።» ይህን ሲሰማ ወደ ምጣዱ ሶኬት ሄደ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው። በመንገዱ ላይ የላላ መጋጠሚያ ካለ ሙቀቱ እዚያ ይጠራቀማል፣ ሽቦው ይጠቁራል፣ በጠቆረ ቁጥር ይበልጥ ይግላል፣ በመጨረሻ ይለቃል።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው ሰውዬውን ያስወደደኝ። ቴስተሩን መብራት በሌለው ሶኬት ቀዳዳ ሲያስገባ በራ። በሁለተኛውም ቀዳዳ በራ! እናቴ «ታዲያ መብራት አለ ማለት ነዋ» አለች። እሱም ቁጭ ብሎ አስረዳት። ፌዙ፣ ማለትም ኃይል አምጪው ሽቦ፣ ደርሷል፤ የተቆረጠው መመለሻው ኑትራል ነው። ፌዙ ማብሪያው በበራ አምፖል ወይም በተሰካው ፍሪጅ አልፎ ወደ ኑትራሉ ሽቦ ይመጣና መሄጃ አጥቶ ይቆማል፣ ቴስተሩ በሁለቱም ቀዳዳ የሚያበራው ለዚህ ነው። ኦቨርሎድም (ከልክ ያለፈ ጭነት) ሾርትም (የሽቦ መነካካት) ስለሌለ ብሬከሩ አይወርድም። «ስለዚህ እማማ፣ አምፖሉ አልበራም ብለው እንዳይነኩት፣ ይገድላል» አላት። በመልቲሜትርም አረጋገጠ፤ የኩሽናው አምፖል ማብሪያ እንደበራ በፌዝና በኑትራል መካከል ቮልት የለም፣ በፌዝና በመሬት መካከል ግን 220 አካባቢ አነበበ።

ዋናውን አጥፍቶ፣ መጥፋቱንም በቴስተር አይቶ፣ ከኩሽናው በር በላይ ያለችውን ስካቶላ፣ የሽቦ መገናኛ ሳጥኗን፣ ከፈተ። ኑትራሎቹ ተጠማዝዘው በናስትሮ ብቻ ተጠቅልለዋል፤ ናስትሮው ቀልጦ ከሰል መስሏል። ጥቁሩን ቆርጦ ንጹሕ መዳብ አወጣ፣ በሞርሴቶ (ሽቦ በብሎን በሚያስር ማያያዣ) አሰረው፣ እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ ሳብ አድርጎ መያዙን አየ። ለምጣዱም ከብሬከር ሳጥኑ የራሱን መስመር ዘረጋ፣ 4 ካሬ ሚሊ ሽቦ ከባለ 20 ብሬከር ጋር። እናቴ ምጣዱን አሙቃ እስክትጋግር ድረስም ሳይሄድ ጠበቀ።

ይሄ ነገር በኛ ከተማ ብዙ ቤት አለ። የድሮ ቤቶች ሽቦ ሲገባላቸው አምፖልና ሬዲዮ ታስቦ ነው። ቀስ በቀስ ፍሪጅ ተጨመረ፣ ከዚያ ምጣድ፣ ከዚያ ስቶቭ፤ ሽቦው ግን ያው ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፣ ክረምት ላይ ስቶቭ ሳይበራ የሚመሽበት ቤት የለም። ለበዓል እንጀራው ከስቶቩ ጋር ሲደረብ ያቺ በናስትሮ የታሰረች መጋጠሚያ ናት ሁሉን የምትሸከመው። ሶኬታችሁ ከጠቆረ፣ ከሸተተ ወይም ምጣድ ሲሰካ ሌላው አምፖል ከደበዘዘ እስኪጠፋ አትጠብቁ።

ሌላው የወደድኩለት የሱ ያልሆነውን ሥራ አለመንካቱ ነው። ሦስት ፌዝ የገባበት ግቢ ውስጥ የተወሰኑ ክፍሎች ብቻ ከጠፉና ጎረቤትም እንደዚያው ከሆነ፣ አንዱ ፌዝ ከውጭ ሄዷል ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ ለመብራት ኃይል በ905 ደውሉ ይላል እንጂ ፖል ላይ አይወጣም። አንድ ነገር ግን አጥብቆ ነገረን፤ ሦስት ፌዝ ባለበት ቤት አንዱ ክፍል ከልክ በላይ ደምቆ ሌላው ከደበዘዘ፣ ዋናው ኑትራል ለቆ ይሆናልና ወዲያው ዋናውን አጥፉ። ቮልቱ ወደ 380 ሊጠጋ ስለሚችል ፍሪጅና ቴሌቪዥን በቅጽበት ይቃጠላሉ።

ዋጋውን ሳይጀምር ነው የሚናገረው፣ ሲጨርስም አልጨመረም። ሽቦውንና ብሬከሩን አብረን ሄደን ራሴ ገዛሁ፣ ደረሰኙም እኔ ጋ ነው።

የማይመቸኝም አለ። ስልክ አያነሳም፣ አንዳንዴ ለሥራ ደብረ ሲና ወይም አንኮበር ወርዶ ይቆያል። ግድግዳውንም ፈልፍሎ ሽቦውን ከቀበረ በኋላ አይለስንም፣ የኩሽናችን ግድግዳ ቦይ እንደወጣበት ነው። ስለዚህ በስልክ ከመድከም ጠዋት ሱቁ ድረስ ሂዱ፣ ለልስኑ ደግሞ ሌላ ሰው ያዙ።