ባሕር ዳር፦ ለወገቤ ያገኘሁት ጂም

ወገቤን ማመም ከጀመረኝ ስድስት ዓመት አለፈ። ውጭ አገር ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ማንሳት፣ መደገፍ፣ ማጎንበስ። መድኃኒቱም መታሸቱም ለጊዜው ነበር። እፎይ ያልኩት ቀስ እያልኩ ክብደት ማንሳት ስጀምር ነው። ስለዚህ ለአምስት ሳምንት አገር ቤት ስገባ ከሁሉ በፊት ጂም ፈለግሁ።

አክስቴ ደነገጠች። «ኧረ በጊዮርጊስ! ወገብሽን እያመመሽ ደግሞ ብረት?» የወገብ ቀበቶ ገዝታ ነበር የጠበቀችኝ። አልፈርድባትም፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2023 ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ እንቅስቃሴን ይመክራል፤ ቀበቶን አይመክርም። የቆየ ሕመም ሁልጊዜ አዲስ ጉዳት አለ ማለት አይደለም። እግር የሚያደነዝዝ ወይም ሽንት የሚያስቸግር ከሆነ ግን ቀድሞ ሐኪም ጋ ነው።

የመጀመሪያውን ጂም አልመክርም። አሰልጣኙ ምኔን እንደሚያመኝ እንኳ ሳይጠይቅ ብረት አሸከመኝ። «ካላመመሽ አልሠራሽም» አለኝ። ሁለት ቀን ተኛሁ።

ሁለተኛው ከሐይቁ ብዙ የማይርቅ ትንሽ ቤት ነው። ዕቃው አልተሟላም። ከ10 ኪሎ ዳምቤል (በእጅ የሚነሣ ብረት) ቀጥሎ ያለው 20 ነው፤ ለእኔ ደግሞ ይህ ትልቅ ዝላይ ነው። አሰልጣኙ መጀመሪያ እስኪ ይቀመጡ፣ ይነሡ፣ ጎንበስ ይበሉ እያለ አየኝ። ከዚያ ቢጫ ጀሪካን አምጥቶ 12 ሊትር ውሃ ሞላበት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። የውሃውን ልክ በማርከር አሰመረ።

«እትዬ፣ ሕመሙ ከአሥር ስንት ነው?» ይለኛል በየመሃሉ። ሦስት ካልኩት እንቀጥላለን። አምስት ካልኩት ውሃ ይቀነሳል። በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮዬ ሆኜ ከተነሣሁ በሚቀጥለው ቀጠሮ መስመሩ በአንድ ሊትር ከፍ ይላል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ሐሙስ። ስሄድ መስመሩ 17 ላይ ነበር።

የወር ብቻ ነው የሚያስከፍሉት፤ ለእንግዳ የቀን ሒሳብ ቢኖራቸው ጥሩ ነበር። ሻወሩም ውሃ የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው። እንዲያም ሆኖ ተመልሼ እሄዳለሁ።

በመጨረሻው ሳምንት ከአክስቴ ጋር ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሄድን። የጀልባው ወንበር መደገፊያ የለውም፤ ወገባችሁን የሚያማችሁ ትራስ ያዙ። ስንመለስ አክስቴ የጸበሏን ጀሪካን ለልጆቹ ልታሸክም ስትጣራ፣ እኔ በቡናው ዛፍ መሃል ይዤው እየወረድኩ ነበር።