የጋዝ ደወል ወይስ የጋዝ ጎማ? ብሩ ለአንዱ ብቻ ሲበቃ

«ጋዝ ሲያፈስ የሚጮኸውን ደወል ልግዛ ወይስ ጎማውን ልቀይር?» ጅማ ውስጥ የሲሊንደር ጋዝ የሚጠቀሙ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ነው። ጎማውን ቀይሩ፣ ከነፋሼታው (ጎማውን የሬጉሌተሩና የምድጃው አፍ ላይ አጥብቆ የሚይዘው ቀለበት) ከነሬጉሌተሩ (ሲሊንደሩ ላይ የሚገጠመው ግፊት ቀናሽ)። ደወሉ የሚጮኸው ጋዙ ከወጣ በኋላ ነው፤ ጥሩ ጎማ ግን መጀመሪያውኑ አያስወጣውም።

ዋጋውን በሜትር ሳይሆን በዓመት አስሉት። በጋዝ ጎማ ምትክ ሜትሩ 200 ብር የተገዛ የውሃ ጎማ በዓመቱ ደርቆ ከተጣለ፣ ዓመቱ 200 ብር ፈጀ ማለት ነው። ሜትሩ 600 ብር ሆኖ 5 ዓመት የሚያገለግል የጋዝ ጎማ ግን በዓመት 120 ብር ነው። ቁጥሮቹ ለስሌት ናቸው፤ ሄርማታ መርካቶ የተባላችሁትን ዋጋ ተኩባቸው። ከ1.5 ሜትር በላይም አትግዙ፤ የረዘመ ጎማ ይታጠፋል፣ ይረገጣል።

የውሃ ጎማ የሚደርቀው ጋዙ ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰውን ቅመም እየመጠጠ ስለሚያወጣው ነው። ጎማው እንደ ዱላ ይገተርና ፋሼታው ሥር ይሰነጠቃል። ሻጩ «ውስጡ ክር አለው እኮ» ቢላችሁ አትመኑ፤ የአትክልት ማጠጫውም ክር አለው። የምታዩት በርዝመቱ ላይ ደጋግሞ የታተመውን ጽሑፍ ነው፦ ለጋዝ የተሠራ መሆኑን፣ የደረጃ ቁጥሩን፣ የውስጥ ስፋቱንና የተመረተበትን ዓመት። በእርጥብ ጣት ሲታሽ የሚለቅ ጽሑፍ ካለው ተዉት። 10 ሚሊሜትር ጎማ ለ8 ሚሊሜትር አፍ «ፋሼታው ያጠብቀዋል» ተብሎ ከተሸጠላችሁ መልሱት፤ ሲጠብቅ ይሸበሸባል፣ ጋዙም በሽብሽቡ ይወጣል። ፋሼታው የማይዝግ ይሁን፤ በጅማ ዝናብ ተራ ብረት ብዙ አይቆይም። በሽቦ ማሰር ደግሞ ጎማውን ይበላዋል።

ሬጉሌተር በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን የብዙ ባር ግፊት ወደ 30 ሚሊባር ገደማ ያወርዳል። ለምግብ ቤት ትልልቅ ምድጃ የተሠራውን ከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተር ረከሰ ብላችሁ ለቤት አትውሰዱ፤ ጎማውን ከአፉ ሊያስወልቀው ይችላል። ማንም ሳይነካው ነበልባሉ ከፍ ዝቅ ካለ የሬጉሌተሩ ውስጠኛ ላስቲክ ደክሟልና ይቀየር፤ ፈቶ መጠገን አያዋጣም። አዲስ ከመግዛት በፊት ግን ሬጉሌተሩ ከሲሊንደሩ ጋር የሚገናኝበትን ጎሚኒ (የላስቲክ ቀለበት) እዩ። ከሁሉም ርካሿ ዕቃ እሷ ናት፣ ብዙ ጊዜም የምታፈስሰው እሷ ናት።

ፍተሻው ወጪ የለውም። ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጡ፣ የምድጃውን መክፈቻዎች ሁሉ ዝጉ፣ ሲሊንደሩን ክፈቱ። ከዚያ የሲሊንደሩን አፍ፣ ሬጉሌተሩን፣ የጎማውን ሁለት ጫፎችና እጥፋቶቹን በስፖንጅ ቀቡ። አረፋው እያበጠ ከመጣ ማፍሰሻው እዚያ ነው፤ ሲሊንደሩን ዝጉ። በክብሪት መፈተሽ በጭራሽ አይሆንም።

ደወሉን የግድ ከፈለጋችሁ ካርቶኑን አንብቡ። «ኤልኢኤል» የሚለው ጋዙ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ መቀጣጠል የሚጀምርበት ዝቅተኛ መጠን ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ካሉት ጋዞች ለፕሮፔን 2.1 በመቶ፣ ለቡቴን 1.8 በመቶ ገደማ። «10% ኤልኢኤል» ካለ፣ ፕሮፔኑ አየሩ ውስጥ 0.21 በመቶ ሲደርስ ይጮኻል ማለት ነው። ለሚቴን (በሌላ አገር በቧንቧ ለሚመጣው የተፈጥሮ ጋዝ) የተሠራውን አትግዙ። ሚቴን ከአየር ስለሚቀል ደወሉ ጣሪያ ሥር ይሰቀላል፤ የሲሊንደር ጋዝ ግን ከባድ ስለሆነ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ደወሉም ከወለል 30 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይሰካል። መብራት ሲጠፋ ባትሪ የሌለው ደወል ከግድግዳው አይለይም። ርካሾቹ ደግሞ ቡና ሲቆላና አረቄ ሲከፈትም ይጮኻሉ፤ ቡና በየቀኑ በሚቆላበት ቤት ሰው ይሰለችና ይነቅለዋል፣ ብሩም በከንቱ ይቀራል። «ቴስት» የምትለው ቁልፍ በብዙዎቹ ድምፁንና መብራቱን ብቻ ነው የምትሞክረው፤ ጋዝ ማሽተቱን አታረጋግጥም።

ማሽተት የተሳነው ሰው ያለበት ቤት ወይም ሲሊንደሩ መስኮት በሌለው ክፍል የተቀመጠበት ቤት ግን ጎማውን ከቀየረ በኋላ ባለባትሪውን ደወል ይጨምር።