በስቱኮ ላይ የምታሳብቀው መሣሪያ

ቀይ ፔጆ 404 ነበረች። ቀለሟ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ሻጩ በጨርቅ እየወለወላት "እጅ አልነካትም፣ ከፋብሪካ እንደወጣች ናት" አለኝ። የቀለም ውፍረት መለኪያዬን ከኪሴ አውጥቼ ኮፈኑ ላይ አስነካሁ። 120 ማይክሮን። በሩ መሃል ላይ 140። እሰይ! ከዚያ ጎንበስ ብዬ የኋላውን ፓራፋንጎ፣ ከጎማው በላይ ያለውን ቅስት ነካሁ። 1,860 አለችኝ።

ተሳስታ ይሆናል ብዬ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጌ ደገምኩ። አሁን ጭራሽ ቁጥር ማሳየቱን ተወችው። ከ2,000 በላይ መቁጠር አትችልማ።

1,000 ማይክሮን አንድ ሚሊሜትር ነው። ሁለት ሚሊሜትር የሚደርስ ቀለም የለም፤ ስቱኮ ነው፣ የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ልስን። ቀና ብዬ ሻጩን ሳየው መወልወሉን ትቶ ጨርቁን እያጣጠፈ ነበር።

ይህችን መለኪያ ከገዛኋት ሦስት ዓመት ሆነኝ። አሮጌ መኪና ለማየት የሄድኩበት ሁሉ አብራኝ ሄዳለች። ስለዚህ ጥሩዋንም መጥፎዋንም የማውራት መብት ያለኝ ይመስለኛል።

መጠኗ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ረዘም ይላል። በሁለት የሪሞት ባትሪ ትሠራለች። ከእሷ ጋር አንዲት የብረት ቁራጭ፣ አንዲት የአልሙኒየም ቁራጭና ውፍረታቸው የተጻፈባቸው ስስ ፕላስቲኮች ይመጣሉ። ጫፏ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ የማግኔት ኃይል ይፈጥራል። ላሜራው ሲቀርባት ያ ኃይል ይለወጣል፤ እሷም ከለውጡ ተነስታ ርቀቱን ታሰላለች። በቃ፣ ሥራዋ ይሄው ነው። በእሷና በላሜራው መሃል ያለው ነገር ቀለም ይሁን ስቱኮ ይሁን አታውቅም። ቁጥሩን አይቶ መፍረድ የናንተ ፋንታ ነው።

እኔ እንዲህ እፈርዳለሁ። የፋብሪካ ቀለም ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 180 ማይክሮን ነው። 250 ወይም 300 ካየሁ በላዩ ሌላ ቀለም ተደርቧል እላለሁ። ይሄ ነውር አይደለም፤ የ50 ዓመት መኪና አንዴም ሳይቀባ ቢቀር ነው የሚገርመኝ። 500 ሲያልፍ ቆም እላለሁ። 1,000 ከደረሰ የእጅ ባትሪዬን ይዤ ከመኪናው ስር እገባለሁ።

ግን በአሮጌ መኪና ላይ ቁጥሩን ብቻ ያመነ ይሸወዳል። ድሮ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ላሜራው የተበየደበትን መስመር በቀለጠ እርሳስ ሞልተው ነበር የሚያስተካክሉት። (የሚጻፍበትን እርሳስ ሳይሆን ማዕድኑን ነው የምለው።) እርሳስን ማግኔት አይስበውም። ስለዚህ መለኪያዋ ለእርሳሱም እንደ ስቱኮው ትልቅ ቁጥር ልትሰጠው ትችላለች። አንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ጥሩ መኪና ትቼ ሄጃለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን ጣሪያውና ምሰሶው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ትልቅ ቁጥር ካየሁ ዞሬ ሌላኛውን ጎን እለካለሁ። ሁለቱ ጎኖች ከተቀራረቡ የፋብሪካ ሥራ ሊሆን ይችላል። አንዱ ጎን ብቻ ከሆነ ግን መኪናዋን የሆነ ነገር አግኝቷታል።

መጀመሪያ የገዛሁት ርካሿን ነበር፤ ብረት ብቻ የምታነበውን። እሷን ይዤ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ለማየት ሄድኩ። በሩን ነካሁ፣ ዝም። ኮፈኑን ነካሁ፣ ዝም። "ኧረ ይሄ ሁሉ ስቱኮ ነው!" አልኩ፣ ባለቤቱ ፊት፣ ጮክ ብዬ። ሰውየው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ላንድሮቨር እኮ እ.ኤ.አ. በ1948 ገበያ ሲወጣ ጀምሮ አብዛኛው ገላው አልሙኒየም ነው። ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ስለነበረ ነው ወደዚያ የሄዱት። ይሄን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ግን መሣሪያ ስይዝ ማሰብ ተውኩ። ብረቱ በዋናነት ሻንሲው ነው፤ ዝገት በዋናነት የሚበላውም እሱን ነው። ያን ቀን ከስሩ ተጋድሜ በመዶሻ እጀታ እየነካካሁ ነው የጨረስኩት።

እና ከገዛችሁ ብረትም አልሙኒየምም የምታነበውን ግዙ። የዋጋ ልዩነቱ አያስቆጭም። ፋይበርግላስን ግን ሁለቱም አያነቡትም። የሸቭሮሌ ኮርቬት ገላ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ፋይበርግላስ ነው። ሲትሮየን ዲኤስ ደግሞ ኮፈኑ አልሙኒየም፣ ጣሪያው ፋይበርግላስ፣ በሩ ብረት ነው፤ አንድ መኪና ላይ መለኪያዋ ሦስት ዓይነት መልስ ትሰጣለች። ኮርቬት ፈላጊ ከሆናችሁ ለመለኪያዋ ገንዘባችሁን አታውጡ።

ትልቁን ቅሬታዬን ልንገራችሁ፤ ጥፋቱ ግን ከእሷ ይልቅ የኔ ነው። አሁን የምነዳትን ቮልስ ለመግዛት ስሄድ አርባ ቦታ ለካሁ። በማስታወሻ ደብተር ሥዕሏን ሥዬ በየቦታው ቁጥሩን ጻፍኩ። ሁሉም ከ200 በታች! ሳልከራከር ከፍዬ ወሰድኳት። ቤት ደርሼ የኋላውን መቀመጫ ሳነሳ ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል የለም ማለት ይቻላል። የቮልስ ባትሪ ከኋላ መቀመጫ ስር ነው። አሲዱ ስንት ዓመት እየተንጠባጠበ ላሜራውን ጨርሶታል። ባትሪውን አውጥቼ በጣቴ ብነካው እንደ ደረቅ ቅጠል ፈረፈረና ከስር የጋራዡ ሲሚንቶ ታየኝ። ከበሮቹ ስር ያሉት የማሞቂያ አየር ቦዮችም እንዲሁ ነበሩ፤ ከውጭ ለስላሳ፣ ከውስጥ ወንፊት።

መለኪያዋ አልዋሸችኝም። ቀለሙን ለኪ አልኳት፣ ለካች። መቀመጫውን ሳላነሳ የገዛሁት እኔ ነኝ።

ያንን ወለል ቆርጠው አዲስ ላሜራ የበየዱልኝ ጋሼ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባትላሜራ የሠሩ ሰው። መለኪያዋን አይወዷትም። "አንተ ልጅ፣ ጆሮ ያለው ሰው ባትሪ ምን ያደርግለታል?" ይሉኛል። እሳቸው በጣታቸው ነው የሚያንኳኩት። ላሜራ ይጮሃል፤ ስቱኮ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። አንድ ቀን ጋራዣቸው በቆመች ፊያት 1100 ላይ ተወዳደርን። እሳቸው እያንኳኩ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ፣ እኔ ከኋላ እየለካሁ እከተላለሁ። ወፍራም ወፍራሙን አንድም ሳይቀር አገኙት። አንዲት ቦታ ብቻ አለፏት፤ የፊት በር ታችኛው ጥግ፣ 620 ማይክሮን። "ይቺማ ቀለም ናት" አሉ። ብርጭቆ ወረቀት አንስተው ፈተግ ፈተግ ሲያደርጓት ከቀለሙ ስር ግራጫ ስቱኮ ብቅ አለ። ምንም አላሉም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

የፍሪጅ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው የሚዞሩም አሉ። ለወፍራም ስቱኮ ይሠራል፤ አይጣበቅማ። እንደዚያች የፊያት ጥግ ዓይነቱን ስስ ስቱኮ ግን አይለየውም።

ሌላው ጉድለቷ ትንንሽ ነው። ጠርዝ ላይና በጣም በታጠፈ ላሜራ ላይ ቁጥሯ ይዘላል፤ እዚያ ሦስት ጊዜ ለክቼ መሃለኛውን እወስዳለሁ። ፀሐይ ላይ ስክሪኗ ስለማይታይ በእጄ እየከለልኩ ነው የማነበው። ከቤት ሳልወጣ በብረት ቁራጯ ዜሮ ካላደረግኳት ትስታለች። ባትሪዋን ሳላወጣ ካስቀመጥኳት ደግሞ በምፈልጋት ቀን ሞታ አገኛታለሁ። አንድ ነገር ደግሞ፣ መኪናውን ከመንካታችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ። "ለክተህ እየው" የሚል ሻጭ አለ፤ "ምን አምጥተህ ነው?" የሚልም አለ። ሁለተኛው ጋ እኔ ጎማው አካባቢ እጀምራለሁ።

ከ10 ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ 8 እሰጣታለሁ። ዘጠነኛዋን ስክሪኗ፣ አሥረኛዋን የኋላ መቀመጫው ወስደውባታል።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ደወሉልኝ። የሆነ ሰው አሮጌ መርሴዲስ ሊገዛ ነውና አብረውት ሊያዩ ሊሄዱ ነው። "ያቺን አሳባቂ እስኪ ይዘህልኝ ና" አሉኝ። ወስጄ ሰጠኋቸው። እስካሁን አልመለሱልኝም፤ ሁለት አዲስ ባትሪ እንደገዙላት ግን ሰምቻለሁ።