ኪሲንግ ጎራሚ ከዓመት በላይ አብሮኝ ከኖረ በኋላ፦ መጠኑ፣ ጠባዩ እና የሚፈልገው ቦታ

ኪሲንግ ጎራሚ የሚባለውን የጌጥ ዓሣ ብዙ ሰው የሚገዛው አፉን አይቶ ነው። ሮዝ ገላ፣ ወፍራም ከንፈር፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ገጥመው ሲሳሳሙ ደግሞ ማንንም ያቆማል። እኔ አራት ጫጩቶች ይዤ ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል። ስለ እነሱ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ግን የምጀምረው ከአፋቸው አይደለም። ከመጠናቸው ነው። የዚህ ዓሣ ጠባይ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በአብዛኛው እዚያው ነው።

መሸጫ ላይ የምታገኙት ጫጩት ከ4 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። በዚያ ዕድሜው ከማንኛውም ትንሽ የጌጥ ዓሣ አይለይም። ነገር ግን ይህ ዓሣ በትውልድ አካባቢው፣ በታይላንድ፣ በማሌዢያና በኢንዶኔዥያ ዝግ ባሉ ወንዞች፣ ሐይቆችና ረግረጎች ውስጥ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። እዚያ የሚያረቡት ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ለምግብም ነው። በቤት አኳሪየም፣ ማለትም በመስታወት የዓሣ ታንክ ውስጥ ያደገ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ባለው መካከል ይቆማል። የእኔ ትልቁ አሁን 17 ገደማ ሆኗል፤ ትንሹ 13 አካባቢ ነው። ደግሞ ርዝመቱ ብቻ አይደለም። ገላው ከጎን ጠፍጣፋ፣ ከላይ እስከ ታች ግን ሰፊ ነው። 17 ሴንቲ ሜትር የደረሰው ዓሣ መዳፍ ይሞላል።

እዚህ ላይ ደጋግሜ የምሰማው አንድ አባባል አለ፦ «ዓሣ የሚያድገው እንደ ታንኩ ነው።» ይህን የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትመኑት። ጠባብ ታንክ ውስጥ ያለ ጎራሚ እድገቱ ሊቀጭጭ ይችላል፤ እሱ እውነት ነው። ይህ ግን ዓሣው ከቦታው ጋር ተስማማ ማለት አይደለም። ቆሻሻው በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ፣ መዞሪያ አጥቶ፣ ጤናውን እያጣ ነው ማለት ነው። በደንብ የተያዘ ኪሲንግ ጎራሚ ከ10 ዓመት በላይ መኖር ይችላል። የቀጨጨው ያን ያህል ዕድሜ አያይም።

የእኔ ታንክ 400 ሊትር ነው፤ ርዝመቱ 150 ሴንቲ ሜትር። ለአራት ጎራሚ ይህ ቅንጦት አይደለም። ለአንድ ብቻ ቢሆን እንኳ ከ200 ሊትር በታች አልመክርም። ከሊትሩ ይልቅ የታንኩን ርዝመት እዩ። ረጅም ታንክ ማለት ለተባረረ ዓሣ መሸሻ ማለት ነው።

አሁን ወደ መሳሳሙ ልምጣ። ሁለት ጎራሚዎች አፍ ለአፍ ገጥመው ሲገፋፉ የምታዩት ፍቅር አይደለም፤ ፍልሚያ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ወንዶች ናቸው። አንዱ ሌላውን በከንፈሩ ይገፋል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ደካማው ሲሰለቸው ወደ ኋላ ይላል። አንዳንዴ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል፤ አንዳንዴ ረዘም ይላል። ሰፊ ታንክ ውስጥ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ተሸናፊው ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፣ አሸናፊውም ወደ ግጦሹ ይመለሳል። በእኔ ታንክ ውስጥ ከዚህ ፍልሚያ የመጣ ቁስል አላየሁም። ጠባብ ታንክ ውስጥ ግን ተሸናፊው መሄጃ የለውም። አሸናፊው ይከተለዋል፣ ደግሞ ይገጥመዋል፣ ጎኑን ይነካካዋል። የማያቋርጥ ጭንቀት ዓሣን ያዳክማል፣ ለበሽታ ያጋልጣል፣ ሊገድለውም ይችላል። «ኪሲንግ ጎራሚ ጨካኝ ነው» የሚሉትንም «በጣም የዋህ ነው» የሚሉትንም የምረዳቸው ከዚህ በመነሳት ነው። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት።

ብዛታቸውም ለውጥ ያመጣል። ሁለት ብቻ ከሆኑ ጉልበተኛው ቀኑን ሙሉ የሚያገኘው አንዱን ደካማ ብቻ ነው። አራት ሲሆኑ ጫናው ይከፋፈላል። የእኔ ትልቁ የታንኩ አለቃ ነው፤ ይህ ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ ግልጽ ነበር። ሆኖም አንዱን ለይቶ አያሳድድም። ከሁሉ ትንሹ በእንጨቶቹ ጀርባ የራሱ ሰፈር አለው፣ ማንም አይደርስበትም። አሁን አሁን ካደጉ በኋላ ፍልሚያው ቀንሷል። ደረጃቸውን አውቀዋል። የሚያገረሸው የታንኩን ድንጋዮች ሳንቀሳቅስ ነው፤ ድንበሩ ስለሚፈርስ እንደገና ይለካካሉ።

ግን ፍልሚያ ያልሆነ መሳምም አለ። ድንጋዩን፣ መስታወቱን፣ እንጨቱን፣ ቅጠሉን ሲስሙ ታያላችሁ። ያ መብላት ነው። ከንፈራቸው ላይ ደቃቅ ጥርሶች ተደርድረዋል፤ በእነሱ አልጌውን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ባሉ ነገሮች ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሽፋን ይፍቃሉ። ከዚያም አልፎ በስንጥባቸው ላይ ያሉት ደቃቅ ማጣሪያዎች ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ጥቃቅን ምግብ ያስቀሩላቸዋል። በዚህ ዓሣ የወደድኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራ አለው። ጠዋት መብራቱን ሳበራ አራቱም በኋላኛው መስታወት ላይ ተሰልፈው ሲግጡ አገኛቸዋለሁ፤ በግ መስክ ላይ እንደሚግጠው እያንዳንዷን ስንዝር ይሄዱባታል። ስለዚህ የኋላውን መስታወት አልፍቀውም፣ ለእነሱ ትቼዋለሁ። የፊቱን ብቻ ነው የማጸዳው። አልጌ እንዲጨርሱልኝ ብላችሁ ግን አትግዟቸው። ስስ የሆነውን ይበሉታል፤ ፀጉር የመሰለው ረጅም አልጌ ሲሆን ግን ብዙም አይረዱም፣ የሚያወጡት ቆሻሻም ቀላል አይደለም።

ምግባቸው በአብዛኛው አትክልት ነክ መሆን አለበት። ስፒሩሊና የተባለው አልጌ ያለበት ፍሌክ (ስስ ቅርፊት የመሰለ ደረቅ የዓሣ ምግብ) ዋናው ነው። ሞቅ ባለ ውሃ የለሰለሰ ዝኩኒ፣ ስፒናችና ልጣጩ የተነሳ አተር ይወዳሉ። አልፎ አልፎ የቀዘቀዘ ዳፍኒያ ወይም ብራይን ሽሪምፕ የሚባሉትን ጥቃቅን የውሃ እንስሳት እጨምራለሁ። በትንሽ በትንሹ፣ ቀን ውስጥ ከአንዴ በላይ መስጠት ይሻላል፤ ለመጋጥ የተፈጠሩ ናቸውና።

ተክል ለሚወድ ሰው ይህ ዓሣ ፈተና ነው። ለስላሳ ቅጠል ካገኙ ያወድሙታል። የእኔ ታንክ ውስጥ የቀሩት አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ናቸው። ቅጠላቸው ጠንካራ ስለሆነ ከላያቸው ያለውን ብቻ ይፍቃሉ። የፕላስቲክ ተክልም ይሠራል፣ አልጌ ሲይዝ እሱኑ ይግጡታል።

አብሮ የሚኖር ዓሣ ሲመረጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዝግ ብሎ የሚዋኝ፣ ጎኑ ጠፍጣፋና ሰፊ የሆነ ዓሣ፣ ለምሳሌ ኤንጅልፊሽ ወይም ዲስከስ፣ ከእነሱ ጋር አላስቀምጥም። ጎራሚዎቹ የእነዚህን ዓሦች ጎን እንደ ድንጋይ ይፍቁታል። የዓሣ ገላ ላይ ያለው የሚያዳልጥ ሽፋን መከላከያው ነው፤ እሱ ሲነሳ ኢንፌክሽን ይገባል። የእኔዎቹ ከሬይንቦፊሽ ጋር ናቸው። ትልቁ ጎራሚ ወደ አንዱ ሬይንቦፊሽ ጎን ሲጠጋ አይቻለሁ፤ ያኛው ፈጣን ስለሆነ ገና ሳይነካው ያመልጣል። ፈጣን፣ መካከለኛ መጠን ያለውና ንቁ ዓሣ ነው የሚስማማቸው። በጣም ትንንሾቹን ዓሦች ደግሞ ሆን ብለው ባያድኗቸውም ምግብ ሰዓት ላይ ይጋፏቸዋል።

ስለ ውሃው ብዙ የሚከብድ ነገር የለም። ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ይስማማቸዋል፤ የእኔ 26 ላይ ነው። በየሳምንቱ ከ25 እስከ 30 በመቶውን ውሃ እቀይራለሁ። ፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ለታንኩ ከሚባለው መጠን ከፍ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ፍሰቱ ግን እንዳያንገላታቸው በቱቦ እንዲበተን አድርጌዋለሁ። አንድ የሚዘነጋ ነገር ክዳኑ ነው። ጎራሚ ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚተነፍስበት አካል አለው፤ በየጊዜው ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይጎርሳል። ስለዚህ በውሃውና በክዳኑ መካከል ክፍተት ያስፈልጋል፣ ያ አየርም ሞቃት መሆን አለበት። ወደ ላይ መውጣቱን አይታችሁ «ኦክስጅን አነሰው» ብላችሁ አትደንግጡ። ሁሉም ላይ ሆነው አፋቸውን ከፍተው ከቀሩ ግን ያኔ ውሃውን መርምሩ።

እርባታ ለሚያስቡ፦ ወንድና ሴቱን በዓይን መለየት ከባድ ነው። እንቁላል የያዘች ሴት ትወፍራለች፣ ከዚያ ያለፈ ምልክት እምብዛም የለም። ከሌሎች ብዙ ጎራሚዎች በተለየ የአረፋ ጎጆ አይሠሩም። እንቁላሉ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ወላጆቹም አይጠብቁትም። የእኔዎቹ እስካሁን አልጣሉም።

ለመግዛት ስትሄዱ «ባሉን» ወይም «ድዋርፍ» የሚባለውን፣ ገላው አጥሮ እንደ ኳስ የተድበለበለውን ታገኛላችሁ። «ይህ ስለማያድግ ለትንሽ ታንክ ይሆናል» ይሏችኋል። እኔ አልገዛውም፣ ለማንም አልመክርም። አከርካሪው እንዲያጥር ሆን ተብሎ የተዳቀለ ነው፤ የውስጥ አካሉ ይጨናነቃል፣ መዋኘትም ይቸግረዋል። ቦታው የሌለው ሰው ሃኒ ጎራሚን ይይ። ቁመቱ 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ጠባዩም ለስላሳ። ለኪሲንግ ጎራሚ የሚበቃ ቦታ ያለው ደግሞ ሲመርጥ ገላው ረዘም ያለውን፣ ክንፉ ያልተቀደደውን፣ መስታወቱን እየጋጠ ያለውን ይውሰድ። ጥግ ላይ ክንፉን ሰብስቦ የቆመውን ይተወው።