ስድስት ወር የተንበረከክኩበት የጉልበት ፓድ

ሴራሚክ ማንጠፍ ከጀመርኩ 22 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ዓመታት የገፋሁት የታጠፈ ካርቶን ጉልበቴ ሥር እየጣልኩ ነበር። ስለዚህ ይህን ባለ ጄል ፓድ የምመዝነው ወለል ላይ ሆኜ ነው።

ከጥሩው ልጀምር። ማታ ስነሳ የጉልበቴ ሎሚ አይለበልበኝም። በፊት በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ጉልበቴ ፊት ለፊት ያብጥና ውሃ ይቋጥር ነበር፤ ይህን ካሰርኩ ወዲህ አንዴም አላበጠ። የውጪው ፕላስቲክ ሰፊ ስለሆነ የሴራሚክ ስባሪ ላይ ቢያርፍም አይወጋም። ጉዱ ማሰሪያው ላይ ነው። የታችኛው ቋንጃዬን ይቆርጠኛል፤ ቬልክሮው ደግሞ የሲሚንቶ ብናኝ ጠግቦ በሦስተኛው ወር መያዝ አቆመ። አሁን በአሮጌ ቀበቶ ነው የማስረው።

ሳጥኑ ላይ «ከመገጣጠሚያ ቁርጥማት ይከላከላል» የሚል ተጽፏል። እዚህ ላይ ተጣላን። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ዘንድ ይዤው ሄጄ ነበር፤ አገላብጣ አየችውና «ጋሼ፣ ይሄ ቆዳዎንና ሎሚዎን ያድናል፤ ጉልበትዎ ጥርቅም ብሎ ሲታጠፍ ውስጥ ያለውን ጫና ግን አያነሳልዎትም» አለችኝ። ሳጥኑ ቁርጥማት የሚለው በሕክምና ስሙ ኦስቲዮአርትራይተስ ሲሆን፣ የሚይዘው መገጣጠሚያውን ከነውስጡ ነው። የአጥንቱን ጫፍ የሚያለብሰው ካርቲሌጅ ይሳሳል፤ እሱ ደግሞ የራሱ የደም ሥር የለውም። ቀለቡ የመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፤ ጉልበት ሲጫንና ሲለቀቅ እንደ ስፖንጅ እየተጨመቀ ይጠጣል። እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተንበርክኬ ስቀር እንግዲህ ማን ያጠጣዋል?

አሁን በየግማሽ ሰዓቱ ተነስቼ እንደ ሥራ ፈት ዞር ዞር እላለሁ። አሠሪዎች ያዩኛል፤ ይዩኝ። ጠዋት ጠዋት የተገለበጠ ባልዲ ላይ አሥር አሥር ጊዜ ሦስት ዙር ቁጭ ብድግ እላለሁ፤ የጭን ጡንቻ ሲደክም ሸክሙ ጉልበት ላይ ይወድቃልና። ክብደቴም ከ94 ኪሎ ወደ 88 ወርዷል። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ገደማ ጫና እንደሚነሳ አሳይቷል። የእኔ ስድስት ኪሎ 24 ሆነ ማለት ነው፤ አንድ ከረጢት የሴራሚክ ማጣበቂያ በየእርምጃዬ ተሸክሜ ኖሬያለሁ!

ረዳቴ 19 ዓመቱ ነው፤ ቁርጥማት የሽማግሌ ነገር ይመስለዋል። አምና ኳስ ሲጫወት የጉልበቱ የፊት መስቀለኛ ጅማት ተበጠሰ፤ ሕመሙ ሲተወው የማገገሚያ እንቅስቃሴውን አቋርጦ ወደ ሜዳ ሊመለስ ነበር። ይህ ጅማት ከተበጠሰባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ኦስቲዮአርትራይተስ ይታይባቸዋል። ነገሩ አርባ ዓመት ሳይሞላው ሊደርስበት ይችላል ማለት ነው። ይህን ስነግረው ፓድ ግዛልኝ አለኝ። ገዛሁለት፤ ግን ባልዲውም ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ፓዱን ሥራው መንበርከክ ለሆነ ሰው እመክራለሁ፤ ሳጥኑ ላይ ያለውን አትመኑ። እኔ ቀጥሎ የምገዛው ግን ማሰሪያው ከቋንጃ ርቆ ጭን ላይ የሚታሰረውን ነው።