የተበላሸ ሪሳይክል ቢን፦ ነፃው ትእዛዝ፣ የሚሸጠው ሶፍትዌር ወይስ አዲስ ድራይቭ?

«በዚህ ድራይቭ ላይ ያለው ሪሳይክል ቢን ተበላሽቷል፤ ባዶ ላድርገው?» የሚል የዊንዶውስ መልእክት የመጣበት ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ የትኛውን ሶፍትዌር ልግዛ? ለዚህ ብልሽት የሚገዛ ሶፍትዌር የለም። መፍትሔው ዊንዶውስ ውስጥ አብሮ የመጣ ነው፤ ገንዘብ ማውጣት ካስፈለገም የሚወጣው ለሌላ ነገር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን «አዎ» የሚለውን አትጫኑ። ከተጫነ በዚያ ድራይቭ ላይ የተጣለው ሁሉ ይሰረዛል። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ዲስክ የሌለው ፈጣኑ ድራይቭ) ከሆነ ደግሞ ትሪም የሚባለው አሠራር የተለቀቀውን ቦታ ወዲያው ስለሚያጸዳው፣ በኋላ ውድ የተባለውን የፋይል ማስመለሻ ብትገዙም የምታገኙት ባዶ ነው።

ሪሳይክል ቢን ዴስክቶፕ ላይ አንድ መስሎ ቢታይም እያንዳንዱ ድራይቭ የራሱ ድብቅ ፎልደር አለው። ስሙ በዶላር ምልክት ይጀምርና ሪሳይክል፣ ነጥብ፣ ቢን ይላል። ውስጡ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ለየብቻ ፎልደር አለ። የተጣለ ፋይል እዚያ የሚቀመጠው ጥንድ ሆኖ ነው፦ በዶላር አይ የሚጀምረው ትንሹ ፋይል የቀድሞውን ስምና ቦታ፣ መጠኑንና የተጣለበትን ሰዓት ይመዘግባል፤ በዶላር አር የሚጀምረው ራሱ ሰነዱ ወይም ፎቶው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው መዝገቡ ወይም የፎልደሩ አወቃቀር ስለሆነ ፋይሉ ደህና ሊሆን ይችላል። ስሙ ቢለወጥም የመጨረሻው ቅጥያ ስለማይለወጥ ፎቶው እንደ ፎቶ ይከፈታል። ሙሉ ፎልደር ከተጣለ ደግሞ በውስጡ ያሉት ስማቸው ጭምር እንዳለ ነው።

ስለዚህ የነፃው መንገድ የመጀመሪያ ሥራ ማውጣት ነው። ትእዛዝ የሚጻፍበትን የዊንዶውስ መስኮት፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን፣ በአድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ ሮቦኮፒ የሚለውን የመቅጃ ትእዛዝ ጻፉ፤ መነሻው ያ ድብቅ ፎልደር፣ መድረሻው በሌላ ድራይቭ ላይ ያለ አዲስ ፎልደር ይሁን። ንዑስ ፎልደሮቹ እንዲመጡ ስላሽ ኢ ጨምሩ። ስላሽ አር ኮለን 1 እና ስላሽ ደብሊው ኮለን 1 ማለትንም አትርሱ፤ ያለ እነሱ ሮቦኮፒ አንድ እምቢ ያለ ፋይል ላይ በየ30 ሰከንዱ እስከ 1 ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል፤ በታመመ ድራይቭ ላይ ይህ ማሰቃየት ነው። በመጨረሻ ስላሽ ኤክስኤፍ ብላችሁ ዴስክቶፕ ነጥብ አይኤንአይ የሚባለውን ፋይል አስቀሩት፤ እሱ አብሮ ከተቀዳ ቅጂው ራሱ ሪሳይክል ቢን መስሎ ይታይና ፋይሎቹን አታገኟቸውም። የመድረሻው ፎልደር ድብቅ ሆኖ ከቀረ በአትሪብ ትእዛዝ የሚደብቁትን ምልክቶች፣ ኤችን እና ኤስን፣ ቀንሱለት።

ፋይሎቹ መከፈታቸውን ካረጋገጣችሁ በኋላ የተበላሸውን ፎልደር አጥፉት፦ አርዲ፣ ስላሽ ኤስ፣ ስላሽ ኪው፣ ከዚያ የድራይቩ ፊደል፣ ኮለን፣ ባክስላሽ፣ የፎልደሩ ስም። ከባክስላሹ በኋላ ክፍት ቦታ እንዳይገባ ሁለት ጊዜ አንብቡ። አንዲት ክፍት ቦታ ትእዛዙን «የድራይቩን ይዘት በሙሉ አጥፋ» ታደርገዋለች፤ ስላሽ ኪው ስላለ ደግሞ ምንም አይጠይቅም። ፓወርሼል በሚባለው ሌላው የትእዛዝ መስኮት ውስጥም አትሞክሩት፤ እዚያ የዶላር ምልክት ሌላ ትርጉም አለው። ዊንዶውስ ፎልደሩን በኋላ ራሱ መልሶ ይፈጥረዋል። ትእዛዙ በዚያ ድራይቭ ላይ የሁሉንም ተጠቃሚዎች ቢን እንደሚያጠፋ ግን እወቁ፤ ኮምፒውተሩን ከሌላ ሰው ጋር የምትጋሩ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ትእዛዙ «ፋይሉ ተበላሽቷል፤ አይነበብም» ብሎ እምቢ ካለ ተራው የቼክዲስክ ነው፤ ሲኤችኬዲኤስኬ ተብሎ የሚጻፍ፣ ድራይቭን የሚመረምርና የሚጠግን የዊንዶውስ ትእዛዝ ነው። ስላሽ ኤፍ ይበቃል። የቼክዲስክ ስላሽ አር እያንዳንዱን ሴክተር (የዲስኩን ትንሿን ክፍል) ስለሚያነብ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰዓታት ይፈጃል፤ ሊሞት የደረሰ ድራይቭ ላይ ደግሞ የመጨረሻውን ጉልበት ይጨርሳል። ኤስኤፍሲ የሚባለውን ብዙ ሰው ይመክራል፤ የዊንዶውስን የራሱን ፋይሎች እንጂ የእናንተን ድራይቭ አያክምም።

አሁን ከሚሸጡት ጋር እናስተያይ። «ክሊነር» እና «ኦፕቲማይዘር» የሚባሉት ለዚህ ችግር የሚሠሩት ከላይ ያለውን ማጥፋት ነው፤ የሚከፈለው አንድ መስመር ትእዛዝ በቁልፍ ተሸፍኖ ስለቀረበ ነው። ማውጣቱን አይሠሩላችሁም፤ እንዲያውም ቀድመው ባዶ ያደርጉታል። በአንድ ብር እንኳ አይገዙም።

የፋይል ማስመለሻዎቹ ግን ሌላ ናቸው፤ የሚያስፈልጉት ቢኑ ከጠፋ በኋላ ነው። በሃርድ ዲስክ ላይ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ይሠራሉ፤ ስለዚህ ፕሮግራሙን እዚያው ድራይቭ ላይ አትጫኑት። ከነፃዎቹ ሬኩቫ ለጀማሪ ይቀላል። ቴስትዲስክ የዊንዶውስ የፋይል ሥርዓት በሆነው በኤንቲኤፍኤስ ላይ ስሙን ጭምር ሊመልስ ይችላል። አብሮት የሚመጣው ፎቶሬክ የፋይል ሥርዓቱ ቢፈርስም ፋይሉን ያወጣል፤ ስሞቹ ግን ይጠፋሉ። ማይክሮሶፍትም ዊንዶውስ ፋይል ሪከቨሪ የሚባል፣ በዊንዶውስ 10 ቁጥሩ 2004 ከሆነው ስሪት ጀምሮ የሚሠራ ነፃ የትእዛዝ መስመር መሣሪያ አለው። የሚከፈልባቸውን የምትሞክሩት እነዚህ ካቃታቸው ብቻ ነው፤ ያኔም ነፃው ሙከራ ፋይላችሁን በቅድመ እይታ ከፍቶ ካላሳየ አትክፈሉ። የፋይል ስም መዘርዘሩ ማስረጃ አይደለም፤ ስሙ ተርፎ ይዘቱ የጠፋ ብዙ ነው። ወርሃዊ ፈቃድ ራሱን በራሱ የሚያድስ መሆኑንም ከመክፈላችሁ በፊት እዩ። ክራክ የተደረገ (የፈቃድ ቁልፉ በሕገወጥ መንገድ የተሰበረ) ቅጂ ግን በነፃ አይባልም፤ ቫይረስ አብሮት ሊመጣ ይችላል፤ የሚጫነውም ማትረፍ የምትፈልጉት ፋይል ባለበት ኮምፒውተር ላይ ነው።

መልእክቱ በየሳምንቱ ከተመላለሰ ግን ጥፋቱ የቢኑ አይደለም። በክሪስታልዲስክኢንፎ፣ እሱም ነፃ ነው፣ የድራይቩን የስማርት ቁጥሮች፣ ማለትም ድራይቩ ስለ ጤንነቱ ራሱ የሚመዘግባቸውን፣ አንብቡ። 5፣ 197 እና 198 (ፕሮግራሙ 05፣ ሲ5 እና ሲ6 ብሎ ያሳያቸዋል) ላይ «ራው ቫልዩ» በሚለው ረድፍ ያለው ቁጥር ከዜሮ በላይ ሆኖ እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ እየሞተ ነው። የሚጨምረው 199 (ሲ7) ብቻ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ኬብሉ ነው፤ ለአንድ ኬብል ዋጋ የሚያልቀውን ችግር በድራይቭ ዋጋ አትፍቱት። ኬብል ተቀይሮም፣ ኢጀክት ሳይደረግ (ከኮምፒውተሩ በትእዛዝ ሳይለቀቅ) ድራይቩን መንቀል ቀርቶም የቀጠለ እንደሆነ፣ ለሶፍትዌር ያሰባችሁትን ገንዘብ ለአዲስ ድራይቭ አውሉት። የአንዳንድ ማስመለሻዎች የዓመት ፈቃድ አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ሊገዛ ይችላል።

አዲሱን ስትገዙ የሚያስፈራው ሐሰተኛው ነው። አቅሙ 2 ቴራባይት ተብሎ ከሌሎቹ በጣም በረከሰ ዋጋ የሚሸጥ ትንሽ ድራይቭ ብዙ ጊዜ ውስጡ ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ያለው፣ ለኮምፒውተሩ ግን 2 ቴራባይት ነኝ ብሎ እንዲዋሽ የተሠራ ቺፕ ነው። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ የሚመጣው ፋይል የቀድሞውን ይደመስሳል ወይም የትም ሳይጻፍ ይቀራል። ያኔ «ሪሳይክል ቢኑ ተበላሽቷል» የሚለው መልእክት ተመልሶ ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ግን የትኛውም ትእዛዝ አያድነውም። ድራይቩን እንደተቀበላችሁ፣ አንድም የራሳችሁን ፋይል ሳታስቀምጡበት፣ ኤችቱቴስትደብሊው በሚባለው ፕሮግራም ሙሉ አቅሙን አስፈትሹት፤ ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 አለ። ፕሮግራሙ ድራይቩን እስኪሞላ ድረስ ይጽፍና መልሶ ያነብበዋል። ለትልቅ ድራይቭ አንድ ሌሊት ሊፈጅ ስለሚችል የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ጀምሩት፤ ደረሰኙንም እስከዚያ አትጣሉ።