ቤት ከመግዛት በፊት የራስን መሐንዲስ መቅጠር፦ ያዋጣል ወይ?

ቤት ስገዛ የራሴን መሐንዲስ ይዤ ሄጄ ነበር። ስለዚህ አገልግሎት የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን ልጻፍ። በአጭሩ ያዋጣል። የሕንፃ ደንብ ወረቀት ላይ ብቻ በቀረበት ቦታ ደግሞ የግድ ነው።

"ፈቃድ አለው፣ ማኅተም አለው" ማለት ፌሮው ሲታሰር ሰው ቆሞ አይቷል ማለት አይደለም። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ2018 ደንብ ጥሰው ለተሠሩ ሕንፃዎች በክፍያ ምሕረት ሰጥታ ነበር። ወረቀታቸው ተስተካከለ፣ ኮለናቸው (ሕንፃውን የሚሸከመው ምሰሶ) ግን ያው ነው።

መሐንዲሱን ማን ቀጠረው የሚለው ወሳኝ ነው። ሻጩ ወይም ደላላው "የምናውቀው ጎበዝ ልጅ አለ" ካላችሁ አመስግናችሁ እለፉት። ክፍያውን እናንተ ክፈሉ፣ ሪፖርቱ በእናንተ ስም ይጻፍ፣ ይሄ ሁሉ ደግሞ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይለቅ።

የኔው ሰው መጀመሪያ ያየው ሳሎኑን ሳይሆን ኮለኖቹን ነው። ደስ ያለኝም ይሄ ነው። ልስን ላይ ያለች እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ብዙም አላስጨነቀችውም። ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነስታ በሰያፍ የምትሄደው ግን መሠረቱ አንዱ ጋ በልጦ እንደሰመጠ ልትጠቁም ትችላለች፣ ኮለን ወይም ቢም (አግድም ተሸካሚው) ላይ ከታየች ደግሞ ሳይጣራ ዋጋ ማውራት የለም አለኝ። ለብቻው አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ካያችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

ቀጥሎ በሽሚት መዶሻ ኮንክሪቱን ፈተሸ። መሣሪያው መትቶ በሚነጥረው መጠን የላዩን ጥንካሬ ይገምታል፤ ግምት ስለሆነ የሚያጠራጥር ነገር ካለ ከኮንክሪቱ ናሙና ተቆርጦ ላብራቶሪ መግባት አለበት። በፌሮ መፈለጊያ ደግሞ ብረቱ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ አየ። ብረቱን የሸፈነው ኮንክሪት ከሳሳ እርጥበት ይገባል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጥና ኮንክሪቱን ፈንቅሎ ይጥለዋል።

ፎቅ ከሆነ የመጀመሪያው ዲዛይን ስንት ወለል እንደሚል ጠይቁ። ባንግላዴሽ ውስጥ ዳካ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ2013 የተደረመሰው፣ የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት ራና ፕላዛ ላይ ያለ ፈቃድ የተጨመሩ ፎቆች ነበሩ። ስንጥቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቶ ሳለ ሠራተኞቹ በማግስቱ እንዲገቡ ተደረገ፤ ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። ምድር ቤቱ ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ ግድግዳ የሌለው ሕንፃም በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ከታች ሊታጠፍ ስለሚችል በደንብ አስፈትሹት።

ያልወደድኩትም አለ። ሪፖርቱ በሙያ ቃላት የታጨቀ ነበር። ፎቶ አለው፣ የትኛው ፎቶ የቱ ክፍል እንደሆነ ግን አይልም። ስለዚህ አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ እያንዳንዱ ችግር ከነቦታው፣ አደገኛ ነው ወይስ የሚጠገን የሚለው በግልጽ ይጻፍ። ኤሌክትሪኩንም አልነካውም። ኤርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው መስመር) መኖሩንና ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጠው የ30 ሚሊ አምፔር መከላከያ ብሬከር መሥራቱን የሚያይ ኤሌክትሪሻን ለብቻ ያስፈልጋችኋል።

የተቀበረ መሠረት ደግሞ ማንም ቢመጣ በዓይን አያየውም። ለዚያ ሻጩን የአፈር ምርመራውን፣ የስትራክቸር ፕላኑን፣ በግንባታ ጊዜ የተነሱ ፎቶዎችንና ኮንክሪቱ በተሞላ በ28 ቀኑ የሚደረገውን የጥንካሬ ፈተና ውጤት ጠይቁት። ያመጣውን ሁሉ ከውሉ ጋር አያይዙ። ያልተጠገነ ነገር ካለም ከክፍያው የተወሰነው ጥገናው እስኪያልቅ እንዲያዝ ውሉ ላይ አስጽፉ። መሐንዲስ አላስገባም የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ።